የአስራ አንድ ቁጥር የፊት ፍሬን

«የእኔን ቀለበት ለእትዬ ኢንሳፍ ትቼላታለሁ፤ በተመቸዎት ቀን ሰው ልከው ይውሰዱት» ሲል የእህቱን ልጅ ናሺድን ጋታስ በግድግዳው ማዶ ሰማው። ልጁ ስልክ ላይ ነበር። ከወዲያኛው ጫፍ ያለው የእጮኛው የደሚያና አባት መሆኑን ለማወቅ ጋታስ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም፤ ልጁ በዚያ ዓይነት ድምፅ የሚያናግረው ሌላ ሰው አልነበረም። ናሺድ «እሺ» አለ፤ ትንሽ ቆየና ደግሞ «እሺ» አለ። ለሦስተኛ ጊዜ «እሺ» ካለ በኋላ የሻንጣ ዚፕ ሲዘጋ ተሰማ። ዚፑ መሃል ላይ ተያዘ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ተሳበ። ጋታስ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከጋዝ ምድጃው አንድ ክንድ በማይርቅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ሚስቱ ኢንሳፍ ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ላይ ስትወጣ «ባቄላውን እየው» ብላው ስለነበር፣ ዓይኑን ከድስቱ ክዳን ላይ አልነቀለም።

ኢንሳፍ ባዶውን ሳፋ ይዛ ስትመለስ ደረጃው ላይ እርምጃዋ ድንገት ፈጠነ። ገብታ ምድጃውን አጠፋችና ክዳኑን አነሳች። ከላይ ያለው ባቄላ ደህና ነበር፤ ከሥር ያለው ግን ከድስቱ ጋር አንድ ሆኖ ከስሏል። «ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ይሸታል እኮ» አለች። «አጠገቡ ቁጭ ብለህ አልሸተተህም?»

«ሐሳብ ይዞኝ ነው» አላት።

ኢንሳፍ ማንኪያውን እንደያዘች አየችው። ባለፈው የብርድ ወራት አስራ ሁለት ቀን ካስተኛው ትኩሳት ወዲህ እንዲህ ሲሆን ይህ ሦስተኛው ነበር። መጀመሪያ ሳይለኩስ ክፍቱን የተወው ምድጃ፤ ከዚያ እሷና ናሺድ ገና ወደ አፋቸው ሲያስጠጉት የተዉት፣ እሱ ብቻ እየመጠመጠ የጨረሰው የዋለ ያደረ ዓሣ። ሦስቱንም ጊዜ እንዲሁ አየችው እንጂ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም። ሠላሳ አራት ዓመት ዘይትን ከዘይት በአፍንጫው ሲለይ የኖረ መካኒክ፣ በስልሳ አንድ ዓመቱ «አፍንጫዬ ሞቷል» ብሎ ለማን ይናገራል? ኢንሳፍ የላይኛውን ባቄላ ወደ ሳህን ገልብጣ ዘይትና ከሙን ጨመረችበት፤ የተቃጠለውን ድስት ውሃ ሞልታ ወደ ጥግ ገፋችው።

ሳሎኑ ውስጥ ሦስቱም በዝቅተኛዋ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ናሺድ ስምንት ዓመት የተኛበት ሶፋ ብርድ ልብሱ ታጥፎ፣ ትራሱ ከላዩ ተቀምጦ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ወንበር ሆኖ ነበር። ሻንጣው በሩ አጠገብ ቆሟል። የገና ጾም ስለነበር ከባቄላው ሌላ ዳቦና የተቀመመ ሎሚ ብቻ ነው የቀረበው። ኢንሳፍ ዳቦው አምስት ፍሬ ሲገዛ በፊት እንዴት እንደሚያጠግብ፣ አሁን እንዴት እንደ ወረቀት እንደሳሳ አወራች። ጋታስ «ትኬቱ ስንት ሆነ?» አለ።

«ሁለት መቶ አርባ።»

«ባለፈው መቶ ዘጠና አልነበረም?»

«ከናፍጣው ጋር ጨመረ፣ አጎቴ። የዘጠኝ ሰዓቱን ነው የያዝኩት፤ ሶሃግ ማታ እገባለሁ።» ናሺድ ዳቦውን ባቄላው ውስጥ ነክሮ አንድ ጊዜ ጎረሰና ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ኢንሳፍም ከሁለተኛው ጉርሻ አላለፈችም። ጋታስ ሁለት ዳቦ ጨረሰ። ቀና ሲል ሁለቱም የእሱን ሳህን እያዩ ነበር፤ ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ጋታስ ወደ ሥራ ሲወጣ ናሺድ ተነስቶ እንደ ወትሮው እጁን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ጋታስ እጁን ቀድሞ ሳበና ትከሻውን መታ አደረገው። «ለእናትህ ሰላም በላት» አለው።

ነገሩ የሆነው ከዘጠኝ ቀን በፊት ነው። አጎትና የእህት ልጅ የሚሠሩበት ግቢ በሁርጋዳ ከተማ ዳርቻ፣ ቱሪስቶችን በባለ አራት ጎማ ሞተር ወደ በረሃ ይወስዳል፤ ሃያ ሁለት ሞተር አለው፣ በእያንዳንዱ ግንባር ላይ ቁጥር ተቀብቷል። መንገድ መሪው ሱለይም፣ የዚያው በረሃ ተወላጅ በደዊን፣ አስራ አንድ ቁጥርን ይዞ ከፊት ሲሄድ ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬኑ ማንም ሳይጨብጠው በራሱ ያዘ። ሁለቱም የፊት ጎማዎች በአንዴ ቆሙ፤ ሞተሩ ተገልብጦ በላዩ ላይ ወደቀና ጭኑን ሁለት ቦታ ሰበረው። የግቢው ባለቤት ሙዕታዝ ሠራተኞቹን ሰብስቦ «የአስራ አንድን የፊት ፍሬን መጨረሻ የነካው ማን ነው?» ሲል ጋታስ «ናሺድ ነው» አለ። ሲናገር አልዋሸም። ወገቡን ካመመው ወዲህ እሱ ኤንጂኑን፣ ናሺድ ጎማና ፍሬኑን ተከፋፍለው ስለሚሠሩ እንደዚያ ነው ብሎ አመነ። ናሺድ አጎቱን አየና «አላስታውስም» አለ። የቱሪስት ወቅት ከመግባቱ በፊት ሃያ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ፈትተው ስለጠገኗቸው በእውነት አላስታወሰም፤ በዚያ ሰዓት «አላስታውስም» የሚል ሰው ግን ጥፋተኛ ይመስላል።

በሦስተኛው ቀን የሱለይም ወገኖች መጡ። በደንባቸው ምንጣፍ ተነጥፎ ሽምግልና ተቀመጡ። ሽማግሌያቸው ሼህ ዓዋድ ካሣ አልጠየቀም፤ ሱለይም በእግሩ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ ያጠፋው ሰው ይህችን ከተማ አይርገጥ አለ። ሙዕታዝ ተቀበለ፣ ሻይ ተጠጣ፣ ነገሩ ተዘጋ። ሱለይም መቼ እንደሚቆም ሐኪሙም አላወቀም። የደሚያና አባት ሰው ሰብሮ ከከተማ ለተባረረ ልጅ ልጄን አልድርም አለ። ጋታስ ራሱ ሶሃግ ላለችው እህቱ ለናርጊስ ደውሎ ልጇ ያደረገውን ነገራት፤ እሷም «ሥርዓት ያላስያዝኩት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ፤ ይቅር በሉኝ» እያለች ስታለቅስ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማት።

ጋታስ ከቤት ወጥቶ ግቢው ሲደርስ ነፋሱ አሸዋውን በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ያንሿሿው ነበር። ሙዕታዝ ከቢሮው በር ላይ ሆኖ ጠበቀው። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ ግቢውን ይዟል፤ ጋታስን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ሁሉም ሰው «ኡስታ» እያለ በሙያ ስሙ ነው የሚጠራው።

«ኡስታ፣ ዛሬ አስራ አንድን ይዩልኝ» አለው። «ከፈረንጅ ገና በፊት ሃያ ሁለቱም መሄድ አለባቸው።»

«ማንም አልነካውም?»

«ማን ይንካው? ሠራተኞቹ ጂን ያለበት ይመስል በሌላ በኩል ዞረው ነው የሚያልፉት። እስቲ እርስዎ ይባርኩትና ይነሳ፤ ያው የእናንተም የእኛም አምላክ አንድ ነው» አለና ሙዕታዝ ሳቀ። ጋታስም ትንሽ ፈገግ አለ።

አስራ አንድ ቁጥር ግድግዳው ሥር በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። አስራ አራት ዓመት ያገለገለ ነው፤ መቀመጫው ሦስት ጊዜ ተሰፍቷል፤ መሪው በውድቀቱ ወደ ግራ ተጣሟል። ጋታስ ነገርን በተራው የሚያይ ሰው ስለሆነ መሪውን ለጊዜው ተወው። ፊቱን በክሪክ አነሳና ቀኙን ጎማ በሁለት እጁ ሊያዞር ሞከረ፤ አልዞረም። ግራውንም ሞከረ፤ አልዞረም። የፍሬኑን እጀታ ጨበጠ፤ እንደ ድንጋይ ደርቆ የጥፍር ያህል እንኳ አልገባለትም። አቧራውን በብሩሽና በላምባ አጠበ። ከዚያ በሁለቱም ጎማዎች በኩል ከአየር ማስወጫው ብሎን ላይ መሸፈኛውን ፈትቶ ዕቃ ማስቀመጫ ትሪው ላይ ጣለ፤ ጣቶቹ ይህን ሲያደርጉ እሱ ስለ ሌላ ነገር ያስብ ነበር። የቀኙን ብሎን በስምንት ቁጥር ቁልፍ ሩብ ዙር ሲፈታው ዘይቱ በኃይል ተፈናጠረ፤ ጎማውም ወዲያው ላላ። ስለዚህ ግፊቱ ከላይ ታስሮ ነበር፤ እጀታው ሥር ባለው ፓምፕ ውስጥ ዘይት የሚመለስባት የመርፌ ቀዳዳ የምታህለው መንገድ ተዘግታለች። የግራውን ፈታ፤ ዘይቱ ወጣ፣ ጎማው ግን ያው እንደ ያዘ ነው። እዚያ ደግሞ ፒስተኑ ራሱ ተጣብቋል ማለት ነው። የባሕሩ ነፋስ በጨው የሚበላውን ብረት እሱ ያውቀዋል፤ ፓምፑን የሚዘጋው ግን ጨው አይደለም።

የቀኙን ፈትቶ ዲስኩን የሚነክሱትን ሸራዎች አወጣ፤ ተቃጥለው እንደ መስታወት ያብለጨልጫሉ። ፒስተኑን በኮምፕረሰር አየር ነፍቶ ከጎሬው አስወጣውና ዙሪያውን የሚያቅፈውን የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒውን፣ በእንጨት ጫፍ ፈልቅቆ አዲሱ አጠገብ አስቀመጠው። በአራት መቶ ሃያ ፓውንድ ከተገዛው አዲስ ይልቅ አሮጌው ሰፍቶ ነበር፤ አብጧል፣ ለስልሷል፣ ሲጫን እንደ ድድ ይሰረጉዳል። ጋታስ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ተነስቶ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ግማሽ ግማሽ ውሃ ቀዳ። በአንደኛው ከመደብር አዲስ ከመጣና ገና ካልተከፈተ ቆርቆሮ ላይ ጥቂት የፍሬን ዘይት ጠብ አደረገ፤ ዘይቱ ሰመጠና ከውሃው ጋር ተዋሃደ። በሁለተኛው ከአስራ አንድ ቁጥር የወጣውን ጨመረ። በውሃው ላይ ተንሳፍፎ፣ በወርቃማ ክብ ተዘርግቶ ቀረ። የፍሬን ዘይት አይደለም። የሙዕታዝ ቤተሰብ ለጠላቂዎች የሚያከራያት ጀልባ አለች፤ ይህ እዚሁ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው የእሷ የመሪ ዘይት ነው። የሁለቱም ቀለም የቀጠነ ሻይ ይመስላል፤ የጀልባው ዘይት ግን የፍሬን ጎሚኒ ሲነካ በሳምንት ውስጥ ያሳብጠዋል፤ ያበጠው ጎሚኒ መመለሻውን ይዘጋዋል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል።

መጀመሪያ የተሰማው ንዴት ነበር። «ስምንት ዓመት አስተምሬው!» አለ ለራሱ። ከንዴቱ ሥር ደግሞ እፎይታ የመሰለ ነገር ነበር፤ ልጁ በእውነት አጥፍቷል፣ እንግዲያው እህቱን በከንቱ አላስለቀሳትም። በዚህ ስሜት የቀኙን በኩል በፍጥነት ሠራ። ጎሬውን በአልኮል አጠበ፣ ጎሚኒውን በንጹሕ ዘይት አርሶ አስገባ፣ ፒስተኑ በአውራ ጣቱ ግፊት ብቻ ለስለስ ብሎ ገባ። አዲስ ሸራ አሠረና ጎማውን አዞረው፤ አራት ዙር ያለ ድምፅ ዞረ። ወደ ግራው ሊዞር ቁልፍ ፍለጋ ወደ ትሪው ሲያይ ነው ያያቸው። ከአየር ማስወጫዎቹ ብሎኖች ላይ ፈትቶ የጣላቸው ሁለት ጥቁር ቁራጮች፣ ከብስክሌት ካላማዳሪያ በመቀስ የተቆረጡ፣ ሦስት ጊዜ የተጠመጠሙ፣ ጫፋቸው ወደ ውስጥ የተሸጎጠ። አቧራ እንዳይገባ ብሎ እንዲህ የሚጠመጥም በግቢው ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አለ። ናሺድ ከካይሮ አንድ ካርቶን የፕላስቲክ ቆብ አስመጥቶ ከሁለት ዓመት ወዲህ የነካውን ሁሉ በቆብ ነው የሚዘጋው፤ ስለ ጋታስ ቁራጮችም «አጎቴ፣ የሕፃን እትብት ያሠሩ ነው እኮ የሚመስሉት» እያለ ይቀልድበታል።

ጋታስ ተነስቶ በየተራ የሌሎቹን ሞተሮች ፊት አየ። ሁለት፣ ሦስት፣ ሰባት፣ አስራ አራት። ሁሉም ላይ ነጭ ቆብ ነበር። ተመልሶ አስራ አንድ ቁጥር አጠገብ አንድ በርሜል ላይ ተቀመጠ። ሌላው ሁሉ በተራው መጣለት። ሞተሮቹን በሠሩበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ነበር። ናሺድ የእጮኝነቱን ወረቀት ሊያስፈርም ደሚያናን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ስለነበር «ቀሪውን እኔ እጨርሰዋለሁ» ብሎ የላከው እሱ ራሱ ነው። መደርደሪያው ላይ ዘይቶቹ ቱሪስቶች ጥለዋቸው በሚሄዱት ባዶ የውሃ ጠርሙሶች ተሞልተው ነበር፤ ምንም ጽሑፍ የላቸውም። ናሺድ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት በየጠርሙሱ ላይ ስም ጽፎ ነበር፤ ጋታስ በቤንዚን ጨርቅ ጠርጎ «የሚያነበው አፍንጫ የሌለው ነው» ብሎ ሠራተኞቹን ሁሉ አስቆባቸው ነበር። ያን ማክሰኞ ግን አንዱን ጠርሙስ ከፍቶ አሸተተ፤ ምንም። ሌላውን አሸተተ፤ ምንም። በጣቶቹ መሃል አሻሸው፤ የጣቶቹ ቆዳ ከደነደነ ቆይቷል። በመስኮቱ ብርሃን አነጻጸራቸውና «ይሄ ነው» አለ። «ይሄ ነው» ማለቱን በየጊዜው ያስታውስ ነበር፤ የየትኛው ሞተር መሆኑን ብቻ ነበር የረሳው።

ከሰባት ሰዓት ትንሽ አልፎ ነበር። ያበጠውን ጎሚኒ፣ አዲሱንና ሁለቱን ቁራጮች በጨርቅ ይዞ ወደ ቢሮው ገባና ሙዕታዝ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። በጥቂት ቃላት ነገረው። ሙዕታዝ ሳያቋርጠው ሰማ፤ ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ከእርስዎ ሌላ ማን አየ?»

«ማንም። እኔ አየሁ።»

«እንግዲያው ማንም አላየም» አለ ሙዕታዝ ቀስ ብሎ። «ኡስታ፣ ይስሙኝ። ሼህ ዓዋድ ሻዩን ጠጥቶ ወጥቷል። ነገሩን እንደገና ብከፍተው ዓይኔን ጨፍኜ የሰው ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ናሺድ ወጣት ነው፣ ሶሃግም ጋራዥ ሞልቷል። እርስዎ ከሄዱ ግን እነዚህን ቆርቆሮዎች ማን ያስነሳልኛል? ዕድሜዬን ሙሉ ያለ እርስዎ አንድ ቁልፍ አንስቼ አላውቅም።»

«እጮኛውን ወሰዱበት እኮ።»

«ሌላ ያገኛል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።» ሙዕታዝ ጎሚኒውን በእስክርቢቶ ጫፍ ወደ ጨርቁ ገፋው። «ጎሚኒውን ይቀይሩ፣ ያጥቡት፣ ይግጠሙት። ጎማው ከዞረ ሁሉም ነገር አለቀ። አባቴን ይወዱት ከነበረ፣ በአባቴ ይሁንብዎት።»

ጋታስ ጨርቁን ሰብስቦ ወጣ። ሙዕታዝ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሱለይምን የሆስፒታል ወጪ ሳይጠየቅ ነው የከፈለው። ጋታስን ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነው። ሙዕታዝ ያለውን ሁሉ እሱ ራሱ ከበርሜሉ እስከ ቢሮው በር ባሉት ሠላሳ እርምጃዎች ውስጥ አስቦት ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሶሃግም ጋራዥ አለ፣ ማንም አላየም። ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ነው ያስጠላው። እጁን ሳይታጠብ፣ ቱታውን ሳያወልቅ ወደ መንገዱ ወጣና ወደ አውቶቡስ ጣቢያው የሚሄድ ሚኒባስ አስቆመ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሼህ ዓዋድ ደወለ።

«ጋታስ ነኝ፣ የግቢው መካኒክ» አለ። «የሱለይምን ሞተር የነካሁት እኔ ነኝ። የእህቴ ልጅ አይደለም። ዛሬ ከፍቼ አየሁት።»

«የነገርከው ሰው አለ?» አለ ሽማግሌው።

«ሙዕታዝን ነግሬዋለሁ። ልጁን አሁን ልነግረው እየሄድኩ ነው።»

«ሱለይም ስላንተ በጎ ነገር ነው የሚያወራው። የእሱን እጅ አይቼ ነው የምሳፈረው ይላል።» «እኛ በምንጣፉ ላይ ያጠፋው ይውጣ አልን እንጂ ናሺድ ይውጣ አላልንም። ስሙን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። እንግዲህ ልጁ በሰላም ይቀመጥ። አንተስ መቼ ትወጣለህ?»

ጋታስ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን አላሰበውም ነበር። ከሾፌሩ በላይ ያለው ሰዓት ስምንት ከሃያ ይላል። «በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ» አለ።

ናሺድ በጣቢያው የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ፣ ሻንጣውን በጉልበቶቹ መሃል አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ኢንሳፍ ለመንገድ የሚሆን ምግብ በፎጣ ቋጥራ አጠገቡ አለች። ጋታስን በቱታው ሲያዩት ሁለቱም ተነሱ። እሱ ዳር ዳር አላለም። በቆመበት ሆኖ ጨርቁን ከፈተና ሁለቱን ጥቁር ቁራጮች አሳየው። «ከአስራ አንድ ቁጥር ላይ ነው የፈታኋቸው» አለ። «ያን ማክሰኞ አንተ ቤተ ክርስቲያን ነበርክ። የጀልባውን ዘይት ሞላሁበት። ካመመኝ ወዲህ ምንም አይሸተኝም፤ ደበቅኳችሁ። ለሼህ ዓዋድ ነግሬዋለሁ፤ የምወጣው እኔ ነኝ፣ አንተ ትቀራለህ።»

ናሺድ ቁራጮቹን ወስዶ መዳፉ ላይ አገላበጣቸው።

«ዘጠኝ ቀን» አለ። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ የቱን ብሎን ረስቼ ይሆን እያልኩ ስፈትሽ ከረምኩ። ከትናንት ወዲያ ጭራሽ ትዝ አለኝ፤ ያልሠራሁትን ሥራ ስሠራ ራሴን አየሁት። ሆስፒታል ሄጄ ሱለይም አልጋ ሥር ተደፋሁ። እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ይቅር አለኝ እኮ! ላልሠራሁት ይቅር አለኝ!» አንዲት ሴት ዞር ብላ አየቻቸው። ናሺድ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜም አጎቱን አንተ አለው። «ሙዕታዝ ሲጠይቅ ናሺድ ነው ያልከው አንተ ነህ። ምነው አንድ ቀን እንኳ፣ እስቲ ልየው ብትል?»

«አላልኩም» አለ ጋታስ።

ኢንሳፍ ወደ ሲሚንቶው ተመልሳ ተቀመጠች። «አውቄው ነበር» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «አፍንጫውን አውቄው ነበር። ደጋግሜ ልጠይቀው ብዬ ተውኩት።» ጋታስ ስልኩን አውጥቶ ወደ ደሚያና አባት ደወለ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። እንደገና ሊደውል ሲል ናሺድ እጁን ያዘው። «ተወው። እኔ ራሴ ሄጄ በራቸው ላይ እቆማለሁ» አለው። እጁን ወዲያው ለቀቀ።

የሶሃግ አውቶቡስ ሾፌር ጥሩንባውን ነፋ። ጋታስ እጁን ዘረጋ። ናሺድ የዘረጋውን እጅ ለጥቂት ጊዜ አየና ትኬቱን ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ ሰጠው። ያኔ ጋታስ ማለት የነበረበትን ሁሉ ማለት ስላልቻለ የሚያውቀውን አለ። «የቀኙን ጨርሻለሁ። የግራው ፒስተን ገና አልወጣም፤ ከመንፋትህ በፊት በዘይት አርሰህ አሳድረው፤ በመዶሻ እንዳትመታው። የፓምፑንም ጎሚኒ ቀይር። ቱቦዎቹን ሁሉ በአልኮል እጠብ፣ ከዚያ ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳትተው። መደርደሪያው ላይ ያለውንም በሙሉ ድፋው።»

«አውቃለሁ» አለ ናሺድ።

«እንደምታውቅ አውቃለሁ።»

ኢንሳፍ የቋጠረችውን ምግብ አንስታ ለናሺድ ሳይሆን ለባሏ ሰጠችው። በፎጣው ጫፍ ከአገጩ ላይ የላምባ ቅባት ጠረገችለት። ሹራቡንና የደም ግፊት መድኃኒቱን በሚመጣው ሳምንት በሚሄድ ሰው እንደምትልክለት ነገረችው፤ ራሷ መቼ እንደምትመጣ አልነገረችውም፣ እሱም አልጠየቃትም። ጋታስ ተሳፍሮ በመስኮት ሲያይ ናሺድ ሻንጣውን ተሸክሞ ከጣቢያው እየወጣ ነበር። ጀርባውን እስከ መንገዱ ማዶ በዓይኑ ተከተለው፤ ልጁ አልዞረም። ኢንሳፍ ግን አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ ሁለት እጇን አጣጥፋ እዚያው ቆማ ነበር።

ሰፋጋ የፍተሻ ኬላው ላይ ሲቆሙ ስልኩ ጠራ። እህቱ ናርጊስ ናት።

«ልጄ ተሳፈረ?» አለችው። «ሲደወልለት አያነሳም።»

«አልተሳፈረም፣ ናርጊስ። እዚያው ይቀራል። አውቶቡሱ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ሆነ ልጄ?»

«ምንም አልሆነም፣ ምንም አላጠፋም። ያ የነገርኩሽ ሁሉ እኔ ያደረግኩት ነው። ሰውየውን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

ወታደሩ በመተላለፊያው መሃል መታወቂያ እየሰበሰበ መጣ። ጋታስ የራሱን ሰጠው፤ ወታደሩ ፎቶውን አይቶ፣ ቱታውን አይቶ መለሰለት።

«አልጋውን ለልጄ ነበር ያነጠፍኩት» አለች ናርጊስ። ስልኩን አልዘጋችውም፤ አንድ ቦታ ላይ አስቀመጠችውና ርቃ ሄደች። እርምጃዋ ተሰማ፣ በር ሲከፈት ተሰማ፣ አንሶላ ሲገፈፍና ሲራገፍ ተሰማ። እያነጠፈችው ይሁን እያነሳችው መለየት አልቻለም። አውቶቡሱ ከባሕሩ ተለይቶ ወደ ተራሮቹ እስኪገባና መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ስልኩን ከጆሮው አላነሳም።